ካልቸር ወይስ የፒሲአር ፓነል? በአሜሪካ የሽንት ኢንፌክሽን ምርመራን ለሚያዙ፣ ኮድ ለሚሰጡና ለሚከፍሉ

ከአንድ ታካሚ የተወሰደ አንድ ዕቃ ሽንት ለሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) የ11 ዶላር ወጪ ሊሆን ይችላል፤ የ700 ዶላርም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ተራ የሽንት ምርመራና ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ፓነል የሚባለው ነው፤ ዘረ-መልን በሚፈልገው በፒሲአር ዘዴ 20 ዓይነት ተሕዋስያን በአንድነት ተፈልገው፣ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ምርመራ ተቆጥረው ክፍያ ሲጠየቅባቸው ነው። ከዚህ ልዩነት ከፊሉን ያመጣው ቴክኖሎጂው ነው። የቀረውን የሚያመጣው የኮድ፣ ማለትም የተሠራውን ምርመራ ለከፋዩ የሚገልጸው ቁጥር፣ ምርጫ ነው፤ ኮዱን የሚመርጠው ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ፣ በአትላንታና በሌሎችም ከተሞች በክሊኒክና በላቦራቶሪ የሒሳብ ክፍሎች የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህ ምርጫ ይገጥማቸዋል። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእነሱ ነው። ወላጆቻቸውን በሜዲኬር የሚያሳክሙ ቤተሰቦች ደግሞ የመጨረሻውን ክፍል ቢያነቡ ይጠቀማሉ። በኮዶቹ ውስጥ ያሉትን ፊደላት እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ቅጹ ላይ ግን በላቲን ነው የሚገቡት። ዋጋዎቹ የሜዲኬር የላቦራቶሪ ክፍያ ሰንጠረዥ ግምታዊ ዋጋዎች ናቸው፤ የግል መድን ድርጅቶች የየራሳቸው ውል አላቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው ታካሚ የሽንት ምርመራና ካልቸር ይበቃሉ። ፓነሉ የሚገባው ታካሚ አለ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያቃጥል ሽንት ወደ ፓነል የሚሄድበት ክሊኒክ ሕክምናውንም ሒሳቡንም አደጋ ላይ እየጣለ ነው።

ሦስቱ ምርመራዎች የሚመልሱት ጥያቄ

ተራው የሽንት ምርመራ የሚነግረን የኢንፌክሽን ምልክት መኖሩን ነው፤ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ናይትራይት፣ ደም። በደቂቃዎች ያልቃል፣ ከ2 እስከ 3 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፣ የባክቴሪያውን ስም ግን አይነግርም። በማሽን ያለ ማይክሮስኮፕ ከተሠራ 81003፣ በማሽን ከማይክሮስኮፕ ጋር ከሆነ 81001 ነው። ቀላል ምርመራዎችን ብቻ ለመሥራት የተፈቀደላቸው አነስተኛ ክሊኒኮች 81003 ላይ ኪውደብሊው የተባለውን ሞዲፋየር (ከኮዱ ጋር የሚጻፍ ተጨማሪ ምልክት) መጨመር አለባቸው። በእጅ በዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ በሚነከር ወረቀት) ብቻ የሚነበበው 81002 ይህን ሞዲፋየር አይፈልግም። በዚህች ትንሽ ነገር ብቻ ተመላሽ የሚሆኑ የክፍያ ጥያቄዎች አሉ።

ካልቸር ባክቴሪያውን በሕይወት እያለ ያሳድጋል። ስሙን ለማወቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ተጨማሪ ይወስዳል። የባክቴሪያው ብዛት የሚቆጠርበት 87086 ወደ 8 ዶላር ነው፤ ለአንድ ጉብኝት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል። ባክቴሪያ ከበቀለ ለመለየት የተሠራው ሥራ እንደ ዓይነቱ በ87088 ወይም በ87077፣ ለመድኃኒት ያለው ተጋላጭነት ደግሞ በተለመደው ዘዴ ሲለካ በ87186 ይጨመራል። እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 9 ዶላር ናቸው። ኢንፌክሽን የተገኘበት ሙሉ ካልቸር ስለዚህ 25 ዶላር አካባቢ ያርፋል። ምንም ካልበቀለ የመጀመሪያው ኮድ ብቻ ይቀራል። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቀው ተጨማሪ ሥራ ሲሠራ ብቻ ነውና።

ካልቸር ድክመት አለበት። ታካሚው አንቲባዮቲክ ጀምሮ ከሆነ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። እንደ አክቲኖቲግነም ያሉ በዝግታ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች በተለመደው ሳህንና ሰዓት ሊታለፉ ይችላሉ። ውጤቱን መጠበቅም ለታመመ ሰው ረጅም ነው።

ፒሲአር የሚፈልገው የተሕዋሱን ዘረ-መል ነው። ናሙናው ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ካልቸር የሚያልፋቸውንም ያገኛል። ጥንካሬው ይህ ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። የሞተ ባክቴሪያ ዘረ-መልም ይታያል። በሽታ ሳያመጣ በሽንት ቧንቧ የሚኖር ባክቴሪያም ይታያል። መድኃኒት የመላመድ ዘረ-መል ተገኘ ማለት ባክቴሪያው በእርግጥ መድኃኒቱን ይቋቋማል ማለት አይደለም፤ ዘረ-መሉ አልተገኘም ማለትም መድኃኒቱ ይሠራል የሚል ዋስትና አይሆንም። ሦስት ተሕዋስያንና አንድ የመላመድ ዘረ-መል በአንድ ሽንት ውስጥ ከተገኙ ደግሞ ዘረ-መሉ የየትኛው እንደሆነ ውጤቱ ብቻውን አይናገርም። መድኃኒቱን ሕያው ባክቴሪያ ላይ ፈትኖ የሚያሳየው ካልቸር ነው።

በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ለምትሠሩ ነርሶችና ረዳቶች አንድ ነገር ልጨምር። አንድ አዛውንት ግራ ሲጋቡ ወይም ከወትሮው ዝም ሲሉ ወዲያው ሽንት መላክ የተለመደ ሆኗል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በ2019 ያወጣው መመሪያ ግን ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ምልክት ከሌለ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግና ታካሚው በጥንቃቄ እንዲታይ ይመክራል። ምልክት የሌለበትን ባክቴሪያ ፈልጎ ማከም የሚመከረው በዋናነት ለነፍሰ ጡሮችና የሽንት ቧንቧን ግድግዳ ሊያቆስል የሚችል ሕክምና ሊደረግላቸው ለተዘጋጁ ሰዎች ነው። በእርጅና ብዙ ሰው በሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖረዋል። በጣም ስሱ የሆነ ምርመራ ሲላክለት ደግሞ አንድ ነገር መገኘቱ አይቀርም፤ ከዚያ አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ይከተላል።

ታዲያ ፓነሉ ለማን ነው? ኢንፌክሽኑ ምልክት እያሳየ ተደጋግሞ ለሚመለስበት፣ የሽንት ቧንቧው አሠራር ለተወሳሰበበት፣ ካልቸሩ ባዶ እየሆነ ሕመሙ ለቀጠለበት፣ ወይም በዩሮሎጂ (የሽንት አካላት) ሐኪም ክትትል ላይ ላለ ታካሚ ነው። ተደጋጋሚ የሚባለው በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ ሲከሰት ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ግን ኢንፌክሽን ለሚመላለስባቸው ሴቶች እንኳ ምልክት በታየ ቁጥር ከሕክምና በፊት የሽንት ምርመራ፣ ካልቸርና የመድኃኒት ተጋላጭነት ምርመራ እንዲሠራ ነው የሚመክረው። ፓነሉ ይህን አይተካም።

የፓነሉ ኮድ፦ አራት መንገድ

ፓነል ተሠርቶ ውጤቱ እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ምርመራ የራሱ ኮድ አለው? አራት አኃዝና በመጨረሻው ዩ የተባለውን ፊደል የያዙ ኮዶች ለአንድ የተወሰነ ላቦራቶሪ ወይም አምራች ምርመራ የተሰጡ ናቸው። ለምሳሌ 0321ዩ 20 ባክቴሪያና ፈንገስ፣ ከዚያም 16 መድኃኒት የመላመድ ዘረ-መሎች የሚለይ አንድ የሽንት ፓነልን ይገልጻል። ምርመራው እንዲህ ያለ ኮድ ካለው ምርጫው እዚያው ያበቃል፤ የሲፒቲ (የአሜሪካ የሕክምና ሥራ ኮዶች ዝርዝር) ደንብ ሌላ ኮድ እንዲተካው አይፈቅድም። የሌላ ላቦራቶሪን ኮድ መዋስም አይቻልም፤ የእኛም 20 ተሕዋስ ይለያል ብሎ መከራከር አያዋጣም። ዝርዝሩ በየሩብ ዓመቱ ይለወጣል፣ የሚሰረዝም አለ፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት በታተመ ወረቀት መሥራት አይገባም።

የራሱ ኮድ ከሌለው ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 87798 ሌላ ቦታ ላልተጠቀሰ አንድ ተሕዋስ፣ ዘረ-መልን በማባዛት ዘዴ (ለምሳሌ በፒሲአር) የሚሠራ ምርመራ ኮድ ነው። ለእያንዳንዱ ተሕዋስ ይላል፤ ዋጋው 35 ዶላር ገደማ ነው። ሐኪሙ አንድ ወይም ሁለት ተሕዋስ ብሎ በስም ካዘዘ ተገቢ ኮድ ነው። ነገር ግን በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ዙር የተሠራን የ20 ተሕዋስ ፓነል 20 ጊዜ ቆርጦ ማቅረብ በመጀመሪያው አንቀጽ ወደ ጠቀስኩት 700 ዶላር የሚያደርሰው መንገድ ነው። የመድን ድርጅቶችና የፌዴራል መርማሪዎች ዓይን ያረፈውም እዚሁ ላይ ነው። በአንድ ታካሚ፣ በአንድ ቀን፣ ብዙ ቁጥር ያለው 87798 በራሱ ጊዜ ጥያቄ ይጠራል።

የራሳቸው ኮድ ያላቸውን ተሕዋስያን በ87798 ስር መደበቅም ስሕተት ነው። ካንዲዳ 87481፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ 87640፣ ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ 87653 አላቸው። ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የመላመድ ዘረ-መል 87500 ነው። ዋጋቸው ከ87798 ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ ብዙ ሰው ልዩነቱን ችላ ይለዋል። መርማሪ ሲመጣ ግን የሚያየው ኮዱ የተሠራውን ሥራ መግለጹን ነው።

87801 ብዙ ተሕዋስያን በማባዛት ዘዴ በአንድነት ሲፈለጉ የሚሠራበት ኮድ ነው፤ 70 ዶላር ገደማ ይከፈልበታል። አንዳንድ የግል መድን ድርጅቶች በአንድ ቀን ሁለትና ከዚያ በላይ የነጠላ ተሕዋስ ኮዶች ሲመጡላቸው በዚህ ኮድ መጠቃለል ነበረበት ብለው ይመልሳሉ። አራተኛው 87999 ነው፤ ያልተዘረዘረ የማይክሮባዮሎጂ ሥራ ማለት ነው። ራሱን የቻለ ኮድ የሌለው ፓነል በዚህ እንዲጠየቅ የሚያዙ ከፋዮች አሉ። በዚህ ጊዜ የምርመራውን ምንነት የሚያስረዳ መግለጫ ከጥያቄው ጋር መሄድ አለበት፤ ባዶውን የሄደ 87999 መመለሱ የማይቀር ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ የትኛው ይሻላል? እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የከፋዩ የጽሑፍ መመሪያ ምን ይላል የሚለውን አስቀድሞ ማየት፤ መመሪያው ዝም ካለ ወይም አሻሚ ከሆነ በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ። ነጥሎ መቁጠርን የምመርጠው ሐኪሙ ነጥሎ ያዘዘ ሲሆን ብቻ ነው። የዋጋ ሰንጠረዡን ኮዱ ከተወሰነ በኋላ እንጂ በፊት አልከፍትም። አለቃ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ የበለጠ የሚያስገባውን ኮድ ተጠቀሚ ቢል ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ለሠራተኛው ራሱ ጥበቃ ነው።

የላቦራቶሪው አድራሻ ደንቡን ይለውጠዋል

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው። ሜዲኬር አንድ ቢሆንም ክፍያውን በየክልሉ የሚያስተዳድሩት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱን የአካባቢ ሽፋን ደንብ ያወጣል። የላቦራቶሪ ምርመራ በአብዛኛው የሚዳኘው ታካሚው በሚኖርበት ሳይሆን ምርመራው በተሠራበት ቦታ ደንብ ነው።

በአገራችን ሰዎች ከተሞች እንየው። ሜሪላንድና ዲሲ በኖቪታስ ሥር ናቸው። ቨርጂኒያ ግን ለሁለት ትከፈላለች፤ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ከዲሲ ጋር በኖቪታስ ሥር ሲሆኑ የቀረው ግዛት የፓልሜቶ ነው። ዳላስና ዴንቨር ኖቪታስ፣ አትላንታ ፓልሜቶ፣ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስና ላስ ቬጋስ ኖሪዲያን፣ ኮሎምበስ ሲጂኤስ፣ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ኤንጂኤስ ናቸው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የተሰጠ ሽንት አትላንታ ተልኮ ቢመረመር የሚጠየቀው የፓልሜቶ ደንብ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፓልሜቶ፣ ኖሪዲያን፣ ሲጂኤስና ደብሊውፒኤስ ሞልዲኤክስ የሚባለውን የሞለኪውላር ምርመራ ፕሮግራም ይከተላሉ። በዚህ ፕሮግራም ምርመራው አስቀድሞ ተመዝግቦ ዚ-ኮድ የሚባል መለያ ይሰጠዋል፤ ቴክኒካዊ ጥራቱም ይገመገማል። መለያው በክፍያ ጥያቄው ላይ ካልገባ ክፍያ የለም። የሞልዲኤክስ ደንብ ከአምስት በላይ ተሕዋስያን የሚፈልገውን ፓነል ሰፊ ፓነል ብሎ ከጠባቡ ይለየዋል። ለሽንት የሚሆነው ሰፊ ፓነል ምልክት ላለው ታካሚ ሆኖ፣ ታካሚው እንደ አረጋውያን፣ ኢንፌክሽን እንደሚደጋገምባቸው ወይም የሽንት ቧንቧ አሠራራቸው እንደተወሳሰበ ሰዎች ለችግር የተጋለጠ ሲሆን፣ ወይም በዩሮሎጂና በዩሮጋይኔኮሎጂ ክሊኒክ ሲታከም ነው የሚፈቀደው። ምልክት የሌለው ሰው፣ ኢንፌክሽኑ ድኖ እንደሆነ ለማረጋገጥ ብቻ የመጣ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንቷ ያቃጠላት ጤነኛ ወጣት ሴት እዚህ ውስጥ አይገቡም።

ኖቪታስ፣ ፈርስት ኮስትና ኤንጂኤስ ከሞልዲኤክስ ውጭ ስለሆኑ የየራሳቸው ደንብና የአከፋፈል ጽሑፍ አላቸው። አዲስ ላቦራቶሪ ውል ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን ምርመራው በየትኛው ሕንፃ፣ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ መሆን አለበት። ለካልቸር ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ 190.12 በሚል ቁጥር የሚታወቅ ለመላ አገሪቱ አንድ የሆነ የሜዲኬር ደንብ አለው።

የሕመሙ ኮድ

ጥሩ የምርመራ ኮድ በደካማ የሕመም ኮድ ይወድቃል። እዚህ ያለው ዋና ስሕተት ውጤቱ ሳይመጣ ኤን39.0 መጻፍ ነው፤ ቦታው ያልተለየ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ማለት ነው። የሕመም ኮዶች ዝርዝር በሆነው በአይሲዲ-10 ደንብ ተመላላሽ ታካሚ ላይ ‘ይጠረጠራል’፣ ‘ሳይሆን አይቀርም’ የተባለ ሕመም እንደተረጋገጠ ተደርጎ ኮድ አይሰጠውም። የሚጻፈው ምልክቱ ነው፤ ሲሸና ማቃጠል አር30.0፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት አር35.0፣ ሽንት ማጣደፍ አር39.15፣ በዓይን የሚታይ ደም አር31.0። ኢንፌክሽኑ ከተረጋገጠና ቦታው ከታወቀ ደግሞ ኤን39.0 ላይ መቆም አያስፈልግም፤ ለድንገተኛ የፊኛ ኢንፌክሽን ደም ከሌለው ኤን30.00፣ ካለው ኤን30.01፣ ለድንገተኛ የኩላሊት ኢንፌክሽን ኤን10 አለ።

ለፓነሉ ወሳኝ የሆነው የታካሚው ታሪክ ነው። ከዚህ በፊት የሽንት ኢንፌክሽን እንደነበረበት የሚያሳየው ዜድ87.440 ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሰፊ ፓነል ለምን አስፈለገ የሚለውን ጥያቄ ከሚመልሱት አንዱ ግን እሱ ነው። ኮዱ ብቻውን አይበቃም። በሐኪሙ ማስታወሻ ላይ ኢንፌክሽኑ መቼ መቼ እንደነበረ፣ የቀደመው ካልቸር ምን እንዳሳየ፣ ውጤቱ ሕክምናውን እንዴት እንደሚለውጥ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። ካልቸርና ፓነል በአንድ ቀን አብረው ከታዘዙ ለምን ሁለቱም እንዳስፈለጉ እዚያው ይጻፍ። ላቦራቶሪው ይህን ሊፈጥረው አይችልም፤ የሕመሙን ምክንያት መስጠት ያዘዘው ሐኪም ሥራ ነው፤ ኮዱን የሚያስገባው ሰውም ያልተጻፈውን መገመት የለበትም።

ከላቦራቶሪዎች ተዘጋጅተው የሚመጡ፣ አንድ ምልክት ሲደረግባቸው ሁሉንም ምርመራ የሚያዙ ቅጾች ለዚህ ነው የሚያሳስቡኝ። የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ1998 ለላቦራቶሪዎች ባወጣው መመሪያ ሐኪሙ የማይፈልገውን ምርመራ አብሮ የሚያዝ ቅጽ አስጠንቅቆበታል። ከዚህ አልፎ ላቦራቶሪው ለናሙና ቁጥር ኮሚሽን ከከፈለ ወይም ለክሊኒኩ ስጦታ ካቀረበ ጉዳዩ የኮድ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ሕግ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ክፍያ የሚከለክለው፣ በ2018 የወጣው ሕግ ላቦራቶሪዎችን በስም ይጠቅሳል፣ የግል መድንንም ይሸፍናል። ለመንግሥት ሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄ ማቅረብን የሚቀጣው ሕግ ደግሞ የጉዳቱን ሦስት እጥፍና በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ተጨማሪ ቅጣት ያስከፍላል።

ለታካሚውና ለቤተሰቡ

ሜዲኬር ለሚሸፍነው የላቦራቶሪ ምርመራ ታካሚው ከኪሱ አይከፍልም። ካልቸርም ሆነ የተፈቀደ ፓነል ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ ነጻ ነው ማለት ነው። አደጋው ያለው ሽፋኑ ሲከለከል ነው። ሜዲኬር በሕክምና አስፈላጊነት ምክንያት ላይከፍል ይችላል ተብሎ ከታሰበ ምርመራው ከመሠራቱ በፊት ታካሚው የዋጋ ግምት ያለበት የማስታወቂያ ቅጽ ተሰጥቶት መፈረም አለበት፤ የክፍያ ጥያቄው ላይም ጂኤ የሚለው ሞዲፋየር ይገባል። ቅጹ ካልተሰጠና ምርመራው በዚሁ ምክንያት ከተከለከለ ሒሳቡ ወደ ታካሚው መሄድ የለበትም። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ሳይገባቸው እንዳይፈርሙ አብሯቸው የሄደ ሰው ቅጹን ያንብብላቸው፤ ክሊኒኩንም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ቅጽ ለመደበኛው ሜዲኬር ነው። በግል ድርጅት በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያላቸው ሰዎች ድርጅቱን አስቀድመው ውሳኔ መጠየቅ አለባቸው።

የግል መድን ያለው ሰው ሽንቱ ከክሊኒኩ ሳይወጣ የት እንደሚላክ ይጠይቅ። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ያልተጠበቀ ሒሳብ የሚከለክለው ሕግ ከመድንዎ ጋር ውል ባለው ሆስፒታል ወይም የቀዶ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ለሚሠራ የላቦራቶሪ አገልግሎት ይከላከላል፤ ተራ የሐኪም ቢሮ ከመድንዎ ውል ውጭ ወደሆነ ላቦራቶሪ ሲልክ ግን ይህ ጥበቃ በአብዛኛው አይደርስም። መድን የሌለው ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ወይም ሲጠይቅ የወጪ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው።

ሒሳቡ ደርሶ ከሆነ ወዲያው አይክፈሉ። መጀመሪያ ኮዶቹ አንድ በአንድ የተዘረዘሩበትን ሒሳብ ይጠይቁ፤ 87798 ስንት ጊዜ እንደተቆጠረ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ሐኪሙ ያዘዘበትን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሜዲኬር ከልክሎ ከሆነ የመጀመሪያውን ይግባኝ ለማቅረብ የውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ 120 ቀን አለዎት፤ ያ ካልተሳካ ለሁለተኛው ደረጃ 180 ቀን። ከይግባኙ ጋር መሄድ ያለበት ዋናው ሰነድ የሐኪሙ ማስታወሻ ስለሆነ ቅጂውን በመጀመሪያው ሳምንት ከክሊኒኩ ይውሰዱ።